ውሃ የምትጠጣው ጣውንቴ

ባለቤቴ ኑሩ ሁለት ጊታር አለው፤ አንዱ ሠራተኛ ነው፣ ሌላዋ እመቤት ናት።

ሠራተኛው ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ርካሽ ጊታር ነው። ኑሩ ሠርግ በተጠራ ቁጥር ይዞት ይወጣል። ፀሐይ ይመታዋል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ ከፍየል ጎን ይታሰራል፣ ሲመለስ በር ጥግ ይቆማል። እንዴት ዋልክ የሚለው የለም። እመቤቲቱ ግን ከደህና እንጨት የተሠራች ናት። ዱባይ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ከሠርጋችን በፊት ያመጣለት ስጦታ ነች። እሷ ሥራ አትሄድም። እሷ የምትኖረው ለመኖር ነው።

ይህን ከመጀመሪያው በደንብ እንድትይዙልኝ የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አጎቴ ዱላውን ያነሣው፣ እናቴ ያለቀሰችው፣ የትውልድ መንደሬ የጨፋ ሽማግሌዎች ሥራቸውን ፈትተው የተሰበሰቡት በዚች ጊታር የተነሣ ነው። እነሱ ግን ጊታር መሆኗን አያውቁም ነበር።

ዘሃራ እባላለሁ፤ ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚያን ጊዜ የምንኖረው አንድ ሳሎንና አንድ ውስጠኛ ክፍል ያለው ቤት ተከራይተን ነበር። ኑሩ ሠርግ በሌለበት ጊዜ ሞባይል ይጠግናል። ስንጋባ ውስጠኛው ክፍል የእኔና የእሱ ነበር፤ የስፌት መኪናዬም መስኮቱ ሥር ቆማ ጥሩ ብርሃን ታገኝ ነበር። ጊታሯ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ታየናለች፤ ክፉም ደግም አልተነጋገርንም።

ታዲያ በአንዱ በጋ፣ ከአፋር በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ የሰው ከንፈር በሚሰነጥቅበት ወቅት፣ ከሰዓት በኋላ ተኝተን ሳለ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን። እኔ የጣራው ቆርቆሮ መስሎኝ ነበር። ኑሩ ግን ሽርጡን እንኳ ሳያጠብቅ ዘሎ ተነሣ። የጊታሯ ሆድ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር።

አዲስ አበባ ወስዶ አስጠገናት። ጠጋኙም መከረው፤ እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፣ አየሩ ሲደርቅ ውስጡ ያለውን እርጥበት ይተፋና ይኮማተራል፣ ዙሪያውን በሙጫ ስለተያዘ መሸሻ ሲያጣ ይሰነጠቃል አለው። "ቆላ የምትኖር ከሆነ በበጋ እርጥበት አትንፈጋት። ወይ ክፍሉን አርጥብላት፣ ወይ ሳጥኗ ውስጥ ዘግተህ እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጥላት።"

ኑሩ ይህን ሲነግረኝ ሁለተኛውን ምክር እየሳቀ ነው የነገረኝ።

"ሳጥን ውስጥ ተዘግታ እንዴት ትኖራለች?" አለ።

እናም ክፍሉ ረጠበላት። ሆዱን ውሃ ሞልተው ሲሰኩት ከአናቱ ጭጋግ የሚተፋ ነጭ ማሽን ገዛ። እንደ ሰዓት ክብ የሆነ የእርጥበት መለኪያም ገዛ። መርፌው አረንጓዴው ላይ ከሆነ ቤታችን ሰላም ነው፤ ወደ ቀዩ ከወረደ ኑሩ ምግብ አይበላም። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ እርጥበቱ ስለሚወጣ አልጋችን ወደ ሳሎን ተዛወረ። የጨርቅ ብናኝ ለእሷ ስለማይስማማ የስፌት መኪናዬ ወደ በረንዳ ወጣች። መስኮቱም በላስቲክ ተሸፈነ። የከሚሴ ውሃ ጨው ስላለው ማሽኑን ይደፍናል፤ ስለዚህ የሷ ውሃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጣራል። እኔና ኑሩ ከጀሪካኑ እንደወረደ እንጠጣለን።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሁሉ የምቀዳው፣ የማፈላውና የማጣራው እኔ ነበርኩ። ኑሩ ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንሥቶብኝ፣ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ብቻ ከውጭ ሲገባ በመጀመሪያ የሚከፍተው የውስጠኛውን በር ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀኝም "ጠጣች?" ብሎ ነው።

ነገሩ የተፈጠረ ሳምንት ኑሩ ባቲ ሠርግ ተጠርቶ ሠራተኛውን ይዞ ሄደ። እኔ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነፍሰ ጡር መሆኔን አውቄ ነበር። ልነግረው ስል ልብሱን ያጥፋል፤ እያጠፈ ስለ ማሽኑ ትዕዛዝ ይሰጠኛል። በስልክ እነግረዋለሁ አልኩ። ስልኩ ግን ሁልጊዜ በእሷ ይጀምርና በእሷ ያልቃል።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። የውሃው ተራም ሳይመጣ ቀረ። ማሽኑ ጸጥ አለ። ረቡዕ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ ሳይ መርፌው ወደ ቀዩ ተጠግቷል። አንሶላችንን ነክሬ ሰቀልኩላት። ከዚያ ወጥቼ በረንዳው ላይ አስመለሰኝ። አፌን እየጠረግሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"ዘሃሪ፣ እንዴት አደረች?"

"ኑርዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ—"

"ወረደ እንዳትዪኝ!"

"መብራት የለም። ውሃም የለም።"

"ያ ረቢ! ዘሃሪ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ከጎረቤትም ቢሆን ለምነሽ—"

"ሌላ ነገር ነው የምነግርህ።"

"ሌላው ይደርሳል። አሁን ለእሷ ድረሺላት" አለና ከበሮው ድምፁን ዋጠው፤ ስልኩ ተዘጋ።

ቤት ውስጥ የቀረው ውሃ ለእሷ ፈልቶ የተጣራው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ምላሴ መሯል። ብርጭቆውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እሷ ከነአንገቷ ቀና ብላ ታየኛለች። ከሦስት ዓመት ትዳር በኋላ ከጊታር ጋር በአንድ ብርጭቆ ውሃ እከራከራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠጣሁት። ሳልተነፍስ ጨለጥኩት። ከዚያም ወደ እናቴ ለመሄድ ወሰንኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስወጣ ለመመለስ አስቤ አልወጣሁም። ግን ጥያት ብሄድና ብትሰነጠቅ፣ ኑሩ ዕድሜውን ሙሉ "ዘሃራ ሄደች" ሳይሆን "ዘሃራ ሰነጠቀቻት" እያለ እንደሚኖር ታየኝ። ይህን እድል ልሰጠው አልፈለግሁም። እናቴ ያለችው ጨፋ ሮቢት አጠገብ ነው፤ እዚያ የቦርከና ወንዝ ተንጣሎ ስለሚተኛ ሜዳው በበጋም ረግረግ ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው። ሳሙና የሚቀመጥባትን የላስቲክ ዕቃ በጋለ ወስፌ በሳሳኋት፤ አንሶላውን በጨመቅሁት ውሃ ስፖንጅ ነክሬ ደህና አድርጌ ጨመቅሁና ውስጧ ከተትኩ። ጊታሯን ሳጥኗ ውስጥ አስተኝቼ፣ ሳሙና ማስቀመጫዋንና መለኪያውን አጠገቧ አድርጌ ዘጋሁ። የእኔን ሁለት ቀሚስ በፌስታል ያዝኩ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ሳጥኑን ጣራ ላይ ሊጥል አነሣው።

"እዚያ አትወጣም፤ ፀሐይ አይስማማትም" አልኩት።

"ምንድን ናት?"

"የባሌ ናት።"

ሌላ አልጠየቀኝም። መስኮት በኩል ወንበር ያዘች፤ እኔ ከጎኗ ተጣብቄ ሄድኩ።

ረቡዕ የጨፋ ሮቢት ገበያ ነው። ማሽላ የሚያራግፈውም በሬ የሚጎትተውም የሚያውቀኝ ነው። አንዲት ያገባች ሴት ያለ ባሏ፣ በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው ትልቅ ጥቁር ሳጥን ይዛ ከመኪና ስትወርድ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንም አይቸገርም። እናቴ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ተቀምጦ ነበር።

እናቴ አቅፋኝ ቆየች። ከዚያ ሳጥኑን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የኑሩ ዕቃ ነው።"

"ያንቺስ?"

ፌስታሉን አሳየኋት። ገብታ ውሃ አመጣችልኝ። ሳልጠይቅ ውሃ የሰጠኝ ሰው ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷም ያንን አየች።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አባወራ የእናቴ ወንድም አጎቴ እንድሪስ ነው። ቁጣው የቀደመ ሰው ነው፤ ቀድሞ ይቆጣል፣ በምን እንደተቆጣ ቆይቶ ያጣራል። አመሻሹ ላይ መጥቶ ከእናቴ ጋር ደጅ ሲቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ የስልኩን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ኑሩ ከሚሴ ቤታችን ያለሁ ነው የመሰለው፤ እኔም ሚኒባስ አሳፍሬያታለሁ ብዬ ልቡን ማቆም አልፈለግሁም።

"ዘሃሪ፣ እንዴት ዋለች?"

"ደህና ናት።"

"ጠጣች?"

"ጠጥታለች።"

"አልሃምዱሊላህ! እኔ እኮ እሷን ሳስብ እህል አልወርድልህ አለኝ። ሆዷን ዳሰስሽው?"

"ዳሰስኩት።"

"ገባ አላለም? አልተነፋም?"

"እንደ ድሮው ነው።"

"አንገቷስ? ጎብጧል? በይ በሩን ዝጊባት፤ ማንም ገብቶ እንዳይነካካት። እኔ እስክመጣ ከአጠገቧ እንዳትጠፊ። አደራ!"

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ከኋላው ናት።

"ማን ናት?" አለኝ።

አፌን ከፍቼ "ጊታር" ልል ነበር። ወላሂ ልል ነበር። ግን የእናቴ ፊት ላይ፣ ለስንት ጊዜ አንድ ሰው እንዲያዝንልኝ የፈለግሁትን ሐዘን አየሁት። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ብቻ መመለስ ጀመርኩ።

"ቤታችን ያለችው ናት" አልኩ።

"መቼ ነው ያመጣት?"

"ከእኔ በፊት ነበረች።"

"ከእኛ ልጅ በፊት!" አጎቴ ግንባሩን መታ። "ከወዴት ናት?"

"ከዱባይ።"

"ዓረብ?"

"እሱን አላውቅም።"

"የት ነው የምትተኛው?"

"ውስጠኛው ክፍል። እኔ ሳሎን ነኝ።"

"ምን ትሠራለች?"

"ምንም። ውሃ አፍልቼ አጣርቼ እሰጣታለሁ።"

አጎቴ "ማሊ! ምን!" ብሎ በኦሮምኛ ጮኸና ንግግሩን እዚያው በኦሮምኛ ቀጠለ። ያለውን እንዳለ ብጽፈው አትወዱትም። እናቴ ግን ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ቆንጆ ናት?"

"ቆንጆ ናት፣ እማ።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት የቱ ጋ ነው?

ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ራሱ ለኑሩ ደወለ። "ጉዳይህ ጨፋ ነው፤ ዛሬውኑ ና" አለው። ኑሩ "ምን ሆነች?" ብሎ ጠየቀ። አጎቴ "አንተ ታውቃለህ!" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ኑሩ ሠርጉን ለኦርጋን ተጫዋቹ ጥሎ ወጣ። በመንገዱ ከሚሴ ቤታችን ጎራ ብሎ ውስጠኛውን ክፍል ባዶውን አገኘው።

ከዙህር ሶላት በኋላ በእናቴ ግቢ ዳስ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ቃሉ የሚሰማው አባ ሙሄ ነው። አባ ሙሄ በሸለቆው ውስጥ የውርስ፣ የድንበርና የትዳር ነገር ሲበላሽ የሚጠራ፣ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነው። ሴቶቹ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከእናቴ ጎን፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት ነኝ። ጥቁሩ ሳጥን ከኋላችን ጓዳ ውስጥ ነው።

ኑሩ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሠራተኛውን ጀርባው ላይ እንዳነገተ ነው። ሰላምታም ሳይሰጥ ዓይኑን በግቢው ውስጥ አንከራተተ። እኔ ላይ ደረሰ፤ አለፈኝ።

"የት አለች?" አለ።

እናቴ እጄን ይዛ ከፍ አደረገችው። "ይቺውልህ!"

"አይ፣ እሷን ነው የምለው…"

ይህን ሲል የሰማሁትን አልረሳውም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ግማሹ ቀልድ ነበር። እንደማልመለስ ሙሉ በሙሉ የወሰንኩት ግን ያኔ ነው።

አጎቴ ዱላውን ይዞ ተነሣ። አባ ሙሄ ቀና ሳይል "እንድሪስ፣ ታኢ። ተቀመጥ" አለው። ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ፣ ፋቲሃ ተቀራ። ኑሩም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ "አሚን" አለ።

"ኑሩ" አለ አባ ሙሄ፣ "ሁለት ማግባት ሸሪዓው የፈቀደው ነው፤ በሱ ማንም አይከስህም። የተከሰስከው በማዳላት ነው።"

"ማንን አገባሁ?" አለ ኑሩ።

"ዓረቧን!" አለ አጎቴ።

ኑሩ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

"በጥያቄ እንሂድ" አለ አባ ሙሄ። "ቤትህ ውስጠኛው ክፍል የምትተኛ አለች ወይስ የለችም? ዱጋ ተናገር፣ እውነቱን።"

ኑሩ አሰበ። ውሸት የማይችል ሰው ነው። "አለች… ግን እኮ—"

"ይቺ ልጅ ሳሎን ትተኛለች?"

"አዎ፣ ግን—"

"የስፌት መኪናዋ የት ነው?"

"በረንዳ።"

"አቧራ ላይ?"

"…አቧራ ላይ።"

"የዚያችን ውሃ ማን ያፈላል?"

"ዘሃራ።"

"ከቤት ስትርቅ በመጀመሪያ የማንን ደህንነት ትጠይቃለህ?"

ኑሩ እጁን ስልኩ ባለበት ኪሱ ላይ አደረገ። ያኔ ይመስለኛል ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላው ነገር ገባው፤ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ብድግ አለ።

"አባ ሙሄ! እሷ እኮ ጊታር ናት!"

"ስሟ ነው?" አለ አጎቴ።

"ስሟ አይደለም! ጊታር! እንጨት! እንደዚህ!" ሠራተኛውን ከጀርባው አውርዶ አሳየ። "በደረቅ አየር እንዳትሰነጠቅ እርጥበት የሚሰጥ ማሽን አለ፣ ውሃ የሚጠጣው ማሽኑ ነው!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና ሳጥኑን አምጥቼ ምንጣፉ መሃል አስቀመጥኩት።

"ይቺው ናት" አልኩ።

ኑሩ ተንበርክኮ ከፈተው። የበሳሳኋት ሳሙና ማስቀመጫ አንገቷ ሥር ተቀምጣለች። መለኪያውን አየ፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው። ሆዷን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ዐይኑን አስጠግቶ ስንጥቅ ፈለገ። አጣ። "አልሃምዱሊላህ" ሲል ከሴቶቹ ወገን አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ እንኳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። "ዓረቧ! ዓረቧ!" እያሉ አጎቴን መከራውን አሳዩት። አጎቴ ዱላውን ምንጣፉ ሥር ደበቀው።

ያልሳቅነው ሁለት ነን፤ እኔና አባ ሙሄ።

አባ ሙሄ እጁን ሰዶ ስፖንጁን ነካው። "እርጥብ ነው" አለ። "ማን ነው ያረጠበላት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ከቤት ስትወጪ ልትመለሺ ነበር?"

ሳቁ ቆመ። "አይ" አልኩ።

ኑሩ ከጊታሯ ላይ ቀና አለ። ያን ጊዜ አየኝ።

"ተቀመጡ፤ ነገሩ አላለቀም" አለ አባ ሙሄ። "እኛ የመጣነው ሁለት አገባ ብለን ነው። ሰው አላገባም፣ እንጨት ነው ብላችሁ ሳቃችሁ። እኔ ግን የጠየቅሁትን ሁሉ ዱጋ ነው ብሎ መልሶልኛል። ክፍሉ የሷ ነው፣ ውሃው የሷ ነው፣ ጥየቃው የሷ ነው። ለይቺ ልጅ የተረፈው በረንዳው ነው። እንጨት ከሆነችማ ባሰ! ሰው ለሰው ቢያዳላ ሸይጣን አሳሳተኝ ይላል፤ ለእንጨት አዳልቶ ምን ይላል?"

ወደ ኑሩ ዞረ።

"ፍርዱ በሁለት ሚስት ላይ እንደሚፈረደው ነው። እኩል! ለእሷ ክፍል ካለ፣ ለዘሃራ ክፍል ይኑር። እሷን ጠዋት ማታ ጠጣች ካልክ፣ ይቺን ቀድመህ ጠጣሽ በል። ካልቻልክ አንዷን ፍታ፤ የትኛዋን እንደምትፈታ ግን እኛ ነን የምንነግርህ።"

ኑሩ "እሺ፣ አባ ሙሄ" አለ። "እኔ እኮ… እንዳትሰነጠቅ ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል" አለ አባ ሙሄ።

እኔም ያን ጊዜ፣ ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ ድፍረት መጣልኝ። ሽማግሌ ፊት ሴት እንዲህ አትናገርም፤ ግን በስልክ ሲያቅተኝ የሰነበተ ነገር ነው።

"አባ ሙሄ፣ ፍርዱ ለሦስት ይሁን" አልኩ። "ሦስተኛም እየመጣች ነው።"

አጎቴ ዱላውን ከምንጣፉ ሥር መዝዞ ተነሣ። "ሦስተኛ!"

ኑሩ እጁን አነሣ። "ወላሂ ሌላ ጊታር አልገዛሁም! ዘሃሪ፣ ማንን ነው የምትዪው?"

እናቴ ግን ከእሱ ቀድማ ገባት። እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ኑሩ በሴቶቹ እልልታና በአጎቴ ዱላ መካከል ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እናቴን ያያል፤ ነገሩ እንደ ውሃ ቀስ እያለ ሰረገው። ሳጥኑን ተራምዶ መጥቶ ከፊቴ ተንበረከከ። በመጀመሪያ ያለው "መቼ አወቅሽ?" ነበር። "ስንቴ በስልክ ልነግርህ ሞከርኩ" አልኩት። የሳጥኑ ክዳን እንደተከፈተ ነበር፤ የጨፋ ነፋስ ይገባባታል፤ ኑሩ ዞር ብሎም አላያት። በመጨረሻ ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ወደ ከሚሴ ተመለስን፤ እኔ በመስኮት በኩል ተቀምጬ። የስፌት መኪናዬ ውስጠኛው ክፍል ገባች፣ ላስቲኩ ከመስኮቱ ተነሣ። እመቤቲቱ ሳጥኗ ውስጥ ናት። በበጋ ስፖንጇን የሚያረጥበው ኑሩ ነው፤ እንደ ታየው ከሆነ ስፖንጅ ይበቃታል፣ ለዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍል አልፈለገችም ኖሯል። ማሽኑ ደግሞ ሴት ልጃችን በደረቁ ወራት ስታስል አጠገቧ ይሰካል። ኑሩ ስልክ ሲደውል ገና "ሄሎ" ከማለቴ "ጠጣሽ?" ይለኛል። አንዳንዴ ከልቡ ነው፣ አንዳንዴ አባ ሙሄን ፈርቶ ነው። ለእኔ ሁለቱም ጉሮሮ ያርሳል።

እናንተ አንባቢዎቼ ከዚህ ምን ትወስዱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ በትዳር ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት የማማርረው ነገር የሚያስቅ ስለነበር ነው። በጊታር ቀናሁ ብላ ማን ፊት ትቆማለች? የሚያስቅ በደልም በደል መሆኑን የነገረኝ ያልሳቀው ሽማግሌ ነው።

ባለፈው ጊዜ አንዲት የማላውቃት ሴት ከገጠር ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ልኳን ስወስድ "ዘሃራ ማለት አንቺ ነሽ? ጣውንት አለባት የሚሉሽ?" አለችኝ። ወሬው እሷ ዘንድ የደረሰው ጊታሩን መንገድ ላይ ጥሎ ነው። "ባሌ ሌላ አመጣብኝ" አለች። "ቤቴን ለሷ ሰጥቶ እኔን ከበግ ጋር አስተኛኝ። አንቺና እሷ በፍቅር ትኖራላችሁ አሉ። ምን ብለሽ ቻልሻት?"

ልስቅ ነበር፤ የእኔዋ እንጨት ናት ልላት ነበር። ፊቷን ሳይ ሳቄን ዋጥኩት። ሜትሬን ጠቅልዬ ወንበር ሰጠኋት፤ ሽማግሌዎቹ ምን እንደጠየቁ፣ አባ ሙሄ ምን ብሎ እንደፈረደ አንድ በአንድ ነገርኳት። የት እንደሚገኝም ነገርኳት።

ቀሚሱን ልትወስድ ስትመለስ "ክፍል ሰጠኝ" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለመሆኑ ያንቺዋ አሁን የት አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ከሳሎን ኑሩ ለምሽቱ ሠርግ የእመቤቲቱን ክር ሲቃኝ ይሰማል።

"ሥራ ልትሄድ ነው" አልኳት።